ዝገትን የሚቋቋም ብረትና የድልድዮች የዕድሜ ልክ ወጪ

የአንድ ድልድይ ዋጋ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ በውሉ ላይ የሰፈረው የግንባታ ገንዘብ ነው። ይህ ግን ከፊል መልስ ነው። ትክክለኛው መለኪያ የዕድሜ ልክ ወጪ፣ ማለትም ለግንባታ፣ ለጥገናና ለእድሳት የሚወጣው፣ እንዲሁም መንገዱ ሲዘጋ ተጠቃሚው የሚያጣው ሁሉ ድምር ነው።

በመሠረቱ በጥሩ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ብረት በቀላሉ አይዝግም፤ የሲሚንቶው አልካላይነት ስስ መከላከያ ሽፋን ይፈጥርለታልና። ከባሕር፣ ወይም በረዶ ለማቅለጥ ከሚነሰነሰው ጨው የሚመጣው ክሎራይድ ሰርጎ ሲደርስ ግን ሽፋኑ ይፈርሳል። ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ይህን ለመከላከል በአሜሪካ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢፖክሲ የተቀባ ብረት በድልድዮች ላይ ዋለ። ሆኖም በፍሎሪዳ ኪይስ ደሴቶች በዚሁ ብረት በተሠሩ ድልድዮች ላይ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ዝገት ታየ። በአንጻሩ በሜክሲኮ፣ ፕሮግሬሶ ወደብ፣ ከ1937 እስከ 1941 በማይዝግ ብረት የተሠራው የመርከብ መድረክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያለ ከባድ ጥገና ሲያገለግል፣ ዘግይቶ ከአጠገቡ በተራ ብረት የተሠራው ፈራርሷል።

ታዲያ የማይዝገው ብረት ሁልጊዜ ይመረጣልን? መልሱ በወለድ ምጣኔው ላይ የተመሠረተ ነው። ለምሳሌ ያህል ይህ ብረት የግንባታውን ወጪ በ120,000 ብር ያሳድጋል፣ ተራው ብረት ግን በ40ኛው ዓመት የ800,000 ብር እድሳት ያስፈልገዋል እንበል። በ4 በመቶ ምጣኔ ሲሰላ የእድሳቱ የዛሬ ዋጋ 167,000 ብር ያህል ስለሚሆን የማይዝገው ያዋጣል። በ10 በመቶ ሲሰላ ግን ወደ 18,000 ብር ገደማ ስለሚወርድ ተራው ብረት ያሸንፋል። ብረቱም ጨዉም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ለመጪው ትውልድ ሸክም የሰጠነው ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ምጣኔውን መምረጥ ለመሐንዲሱ ብቻ የሚተው ሥራ ሳይሆን የፖሊሲ ጥያቄ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በደገኛው ኢትዮጵያ የባሕር ጨውም የመንገድ ጨውም የለም። በዚያ የብረቱ ዋነኛ ጠላት ኮንክሪቱን ቀስ በቀስ አልካላይነቱን የሚያሳጣው በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ለዚህም በቂ የኮንክሪት ልባስ፣ ጥብቅ ቅልቅልና ተገቢ የውሃ ማፍሰሻ ከውድ ብረት ይልቅ ርካሽና አስተማማኝ መከላከያ ናቸው። በውጭ የተማርነውን መመዘኛ የአየር ንብረቱን ሳንመረምር መገልበጥ ግን ለሌለ በሽታ መድኃኒት መግዛት ይሆናል።