ቤተሰብን ይዞ ካይሮን ለመጎብኘት

ከአዲስ አበባ ካይሮ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቅርብ በመሆኗ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ይዞ፣ አያትንም ልጆችንም አስከትሎ ይነሳል። ችግሩ የሚመጣው ከተደረሰ በኋላ ነው። አባወራው «ይህን ያህል ገንዘብ አውጥተን» እያለ በአምስት ቀን ሁሉንም ለማሳየት ይሮጣል፤ በሦስተኛው ቀን የአያት ጉልበት ያብጣል፣ ልጆች ያለቅሳሉ፣ ባልና ሚስት ይኮራረፋሉ። ከነአካባቢዋ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባትንና ገበያዋ ከእኩለ ሌሊት በኋላም የማይበተነውን ከተማ በጥድፊያ ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሁላችሁም ተቀመጡና ተመካከሩ። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል «ይህን ሳላይ አልመለስም» የሚለውን አንድ ቦታ ይምረጥ፤ የተረፈው ቢቀር አይቆጭም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የእኛ ልጆች ረጅም ዕረፍት ክረምት ላይ ነው፤ የካይሮ ሐምሌና ነሐሴ ግን ሙቀቱ 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው። ከተቻለ የመንፈቀ ዓመቱን አጭር ዕረፍት ተጠቀሙበት። በጥር ቀኑ ለስላሳ ነው፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ሹራብ አይረሳ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ የሚውልበትን አስቀድማችሁ እዩ። በረመዳን የካይሮ ምሽት በፋኖስ ያሸበረቀ ነው፤ ቀን ላይ ግን የመጎብኛ ሰዓት ያጥራል።

የቀኑን ፕሮግራም በሶላት ወቅቶች ላይ ማስያዝ ከሁሉ ይቀላል። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከዝሁር እስከ ዐስር ምሳና ዕረፍት፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ ሌላ አንድ ቦታ። መስጊድ በየመንደሩ ስላለ «የት እንስገድ?» የሚል ጭንቀት የለም። በጁሙዓ ሰዓት ግን ታሪካዊ መስጊዶችን ለጉብኝት አትያዙ።

ብዙ ሰው በፒራሚዶቹ ይጀምራል። እኔ ብመክር በአሮጌዋ ከተማ ጀምሩ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ879 የተጠናቀቀው የኢብን ጡሉን መስጊድ ሰፊ ግቢው ጸጥ ያለ ነው፤ ደረጃው ከውጭ የሚዞረው ሚናራው ልጆችን ያስደስታል። በ972 አገልግሎት የጀመረው አል-አዝሀር ደግሞ ለእኛ የተለየ ነገር አለው። ከሀገራችንና ከአካባቢው ለሚመጡ ተማሪዎች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማደሪያና መማሪያ ነበረው። የናፖሊዮን ጦር በ1798 ግብፅን ሲወር ያየውን የጻፈው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራህማን አል-ጀበርቲም (1753–1825) የዘር ሐረጉ ከዚያው ከጀበርት ነው። ይህን ለልጆች በቦታው ላይ መንገር ነው። ከመስጊዱ መንገዱን ስትሻገሩ ኻን አል-ኸሊሊ ገበያ ነው፤ የመጀመሪያው ዋጋ ዋጋ እንዳልሆነ መርካቶ ያደገ ሰው አይነገረውም።

ጊዛ ላይ ግን መጠንቀቅ ነው። ግመል ላይ መውጫው ርካሽ፣ መውረጃው ውድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ዋጋ ስትነጋገሩ መውረጃውንም ጨምራችሁ ተስማሙ። በአቅራቢያው በኅዳር 2025 በይፋ የተመረቀው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከፒራሚዶቹ ጋር በአንድ ቀን አታጣምሩት።

ለመጓጓዣ በ1987 የተከፈተው ሜትሮ ርካሽ ነው፤ መሐል ላይ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች አሉት። ለምሳ ኩሸሪ አለ፤ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ተደባልቆ ከላይ የተጠበሰ ሽንኩርትና የቲማቲም ስጎ ይፈስበታል። ቤተሰቡን በትንሽ ገንዘብ ያጠግባል። ፉሉማ የታወቀ ነው።

ጎብኚ የሚያልፈው፣ ለእኛ ግን የማይታለፍ አንድ ቦታ በሮዳ ደሴት ጫፍ ያለው የአባይ መለኪያ ነው። በ861 የተሠራ ጥልቅ ጉድጓድ ሲሆን መሐሉ ላይ በክንድ የተመለከተ የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። የግብፅ ገዢዎች ውሃው የደረሰበትን ምልክት እያዩ የዓመቱን ግብር ይወስኑ ነበር፤ ውሃው ከፍ ካለ ጥጋብ፣ ካነሰ ረሃብ። ያን ውሃ ከፍ የሚያደርገው በአብዛኛው የእኛ የክረምት ዝናብ ነው። የአስዋን ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ጉድጓዱ ሥራ ፈቷል፤ ደረጃው ቁልቁል ስለሆነ አያት ከላይ ሆነው ይመልከቱ፣ ልጆች ይውረዱ።