በውል የተሠራ ድህነት

በሺካጎ ምዕራብ ወደሚገኘው ኖርዝ ላውንዴል የዘለቀ ሰው በቤቶች መካከል ሣር የዋጣቸው ባዶ ቦታዎች ያያል። ነዋሪው ሰፈሩን መጠበቅ አቃተው የሚል ፍርድም ወዲያው ይከተላል። ፍርዱ ግፍ ነው፤ የቤቶቹን የሽያጭ ውል ያነበበ አይናገረውም።

በ1950 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሰፈሩ ነዋሪ ጥቁሩ 13 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1960 ወደ 91 በመቶ ደረሰ። ከደቡብ ግዛቶች የፈለሰው ሠራተኛ ደመወዝ እያለው ባንክ አያበድረውም ነበር። በ1934 ለቤት ብድር ዋስትና እንዲሰጥ የተቋቋመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የጥቁሮችን ሰፈር አያምንም፤ ባንኩም ያንኑ ይከተላል። በዚህ መሐል አትራፊዎች ገቡ። ነጮቹን «ጥቁሮች እየመጡ ነው፤ ዋጋው ሳይወድቅ ሽጡ» እያሉ ቤቱን በርካሽ ይገዙና ለጥቁር ቤተሰብ በእጥፍ ይሸጡታል። የሚሲሲፒው ተወላጅ አቶ ክላይድ ሮስ በ1961 በ27,500 ዶላር የገዙትን ቤት ሻጩ ከወራት በፊት ያገኘው በ12,000 ነበር።

ከዋጋው የከፋው ግን ውሉ ነው። ገዢው በየወሩ ይከፍላል፣ ጣሪያውንና ማሞቂያውን በራሱ ወጪ ያሳድሳል፤ ቤቱ ግን ክፍያው ተጠናቆ እስኪያልቅ በሻጩ ስም ይቆያል። አንድ ወር ካጎደለ ቤቱንም፣ እስከዚያ የከፈለውንም ያጣል፤ ሻጩም ያንኑ ቤት ለሌላ ቤተሰብ ይሸጠዋል። የሰፈሩ የዕለት ኑሮ በዚህ ፍርሃት የተያዘ ነበር። ባልና ሚስት ሥራ ይደራርባሉ፤ ክፍል ተቀንሶ ለተከራይ ይሰጣል፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ለከርሞ ይባላል። ቤቱ ሲጨናነቅ ትምህርት ቤቱም ይጨናነቃል። በነጮች ትምህርት ቤቶች ባዶ ወንበር እያለ ብዙ የጥቁር ልጆች በፈረቃ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ይማሩ ነበር። በጥቅምት 1963 ከ200,000 በላይ የሺካጎ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን አድልዎ በመቃወም ከትምህርት ገበታ ቀሩ።

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በጥር 1966 ቤት ተከራይተው የገቡት እዚሁ ሰፈር ነው። በ1968 ገዢዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ ብዙዎቹም ክፍያ አቆሙ። ሕግ አስከባሪ ከቤት ሊያስለቅቃቸው ዕቃቸውን ሲያወጣ ጎረቤት መልሶ ያስገባ ነበር። ውላቸውን ያሻሻሉ አሉ፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ያቀረቡት ክስ ግን ውድቅ ሆነ። በዚያው በ1968 በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የከለከለው ሕግም የተወሰደባቸውን አላስመለሰም። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ የሺካጎ ጥቁሮች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በዚህ ውል ያጡት ከ3 እስከ 4 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላም፣ የተወረሱ ቤቶችን በርካሽ የሰበሰቡ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ውል ይዘው በአሜሪካ ከተሞች ወዳሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ተመልሰዋል።