ሕመሙ ሳይነቃ

የትከሻ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ የተተካለት ሰው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ምንም አያመውም። «ይኸው ነው እንዴ?» ይላል፤ ራቱን ይበላል፣ ከጠያቂ ጋር ይጫወታል። ይህ እፎይታ ግን የመድኃኒት ነው፤ ሰዓት አለው።

ትከሻውን የሚያደነዝዘው መርፌ የሚሰጠው አንገት ሥር ነው። የትከሻን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ከአንገት ወጥተው በሁለት ጡንቻዎች መሃል ያልፋሉ። የሰመመን ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ቡፒቫካይን ወይም ሮፒቫካይን የተባለ ማደንዘዣ በነርቮቹ ዙሪያ ያፈስሳል፤ ነርቩን ራሱን አይወጋም። የሕመሙ መልእክት መንገድ ላይ ይቀራል። ቁስሉ ግን እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ መርፌ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት ሲታከልበት ጥቂት ሰዓታት ይጨምራል፤ በቀጭን ቱቦ ማደንዘዣው እየተንጠባጠበ ከቀጠለ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ይዘልቃል። በስብ ቅንጣት የታሸገው ቡፒቫካይንም በ2018 በአሜሪካ ለዚሁ መርፌ ተፈቅዷል። ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ ከተራው ይበልጣል የሚያሰኘው ማስረጃ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዋጋውን አይመጥንም።

የመተንፈሻ ጡንቻ የሆነውን ድያፍራምን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እዚያው ጎረቤት ስለሆነ በዚያው ወገን ያለው የድያፍራም ግማሽ አብሮ ሊደነዝዝ ይችላል። ሳንባው ጤነኛ የሆነ ሰው ብዙም አይታወቀውም። ከባድ የሳንባ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ ሌላ ዓይነት መርፌ አለ። የዓይን ቆብ መውደቅና የድምፅ መጎርነን ቢያስደነግጡም ከመድኃኒቱ ጋር ይለቅቃሉ። መርፌው ሲሰጥ ምላስ ከደነዘዘ ወይም ጆሮ ከጮኸ ግን ዝም አይባልም፤ ማደንዘዣው ወደ ደም መግባቱ ሊሆን ይችላል። የደነዘዘ ክንድ መቃጠሉንም አያውቅምና ትኩስ ነገር አያስጠጉት፤ የክንድ ማንጠልጠያውንም አያውልቁ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ጠዋት 3 ሰዓት የተወጋ ሰው ማደንዘዣው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሊለቅቀው ይችላል፤ ሐኪም ቤቱ ፀጥ ባለበት፣ አስታማሚው ባንቀላፋበት ሰዓት። ሕመሙ ቀስ እያለ ሳይሆን ባንዴ ሊመጣ ይችላል። «አሁን አላመመኝም» ብሎ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የሚጎዳው ያኔ ነው፤ የተዋጠ ክኒን እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋልና። ስለዚህ ፓራሲታሞሉንና ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ሌላ ማስታገሻ ትከሻዎ ገና ደንዝዞ ሳለ በሰዓቱ ይጀምሩ፤ ከመተኛትዎ በፊትም የሌሊቱን ክኒን ከነውኃው አጠገብዎ ያስቀምጡ።