የአበበን መንገድ በብስክሌት

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ የተደረገውን የማራቶን ሩጫ የማያስታውስ ወይም ከአባቱ ያልሰማ ወታደር አለ ለማለት ያስቸግራል። የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ያገኘውን ድል፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሩቅ ምሥራቅ ጫማ አጥልቆ ደገመው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ፈጽሞ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያልደረሰበትን ሰዓት አስመዘገበ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። ሦስተኛው ኮኪቺ ጹቡራያ ደግሞ የጃፓን የምድር ጦር ባልደረባ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቀን ከሦስቱ ባለ ሜዳሊያዎች ሁለቱ ወታደሮች ነበሩ ማለት ነው።

ያ መንገድ ዛሬም አለ። ማንም መንገደኛ በእግሩም ሆነ በብስክሌት ሊጓዝበት ይችላል። እኔም በሠራዊቱ ጋራዥ ውስጥ ረጅም ዘመን አገልግዬ በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ፣ በቶኪዮ የምትማረውን ልጄን ለመጠየቅ በሄድሁበት ጊዜ ይህንኑ መንገድ በብስክሌት ለመጓዝ ተነሣሁ። የደረሰብኝንና የተማርሁትን ለቤተሰብ ዓምድ አንባብያን ማካፈል ይገባኛል ብዬ ስለማምን ይህን ጽፌአለሁ።

ከተማይቱና ብስክሌቷ

ቶኪዮ በውጭ አገር ሰው ዘንድ የምትታወቀው በባቡሯ ነው። ይሁን እንጂ ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ወደ መኖሪያ ሰፈር የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው ብስክሌትን ነው። እናት ከፊትና ከኋላዋ ሁለት ሕፃናት አስቀምጣ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ታደርሳለች፤ ሽማግሌው ቅርጫቱን በጎመንና በዓሣ ሞልቶ ከገበያ ይመለሳል፤ ፖሊሱም በነጭ ብስክሌቱ ሰፈሩን ይቃኛል። ቅርጫትና መቆሚያ ያለው፣ ዝቅ ብሎ የተሠራው የቤተሰብ ብስክሌት «ማማቻሪ» ይባላል፤ የእማማ ብስክሌት እንደ ማለት ነው። ሁለት ሕፃናትን በአንድነት መጫን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ያውም ጥንካሬው ተረጋግጦ ለዚሁ በተሠራ ብስክሌት ብቻ ነው።

የብስክሌቱ ብዛት ማቆሚያ ቦታን ትልቅ ጉዳይ አድርጎታል። በከተማይቱ ምሥራቅ በካሳይ ጣቢያ ከመሬት በታች የተሠራው ማቆሚያ 9,400 ያህል ብስክሌቶችን ይይዛል። አብዛኞቹን ማሽን ከባለቤታቸው እጅ ተቀብሎ ወደ ጥልቁ ያወርዳቸዋል፤ ባለቤቱም ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ያወጣለታል። በማይፈቀድ ቦታ የቆመ ብስክሌት ግን በመኪና ተጭኖ ይወሰዳል፤ ለማስለቀቅም መቀጮ ይከፈላል።

የአገሩ ሕግ ብስክሌትን ከተሽከርካሪዎች ጋር ይቆጥረዋል። በመንገዱ ግራ ዳር መጓዝ ግዴታ ነው። በቀኝ መንገድ መሄድ ለለመድን ለእኛ ይህ ብቻውን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በትራፊክ መብራት ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሚፈልግ ብስክሌተኛ በቀጥታ አይታጠፍም፤ አስቀድሞ መስቀለኛውን አቋርጦ ይቆማል፤ ከዚያም አቅጣጫውን ለውጦ አረንጓዴ መብራት ሲበራለት ይሄዳል። ጃንጥላ ይዞ መንዳት፣ ጎን ለጎን ሆኖ መጓዝ፣ በሌሊት ያለ መብራት መንቀሳቀስ የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በማንኛውም ዕድሜ የሚገኝ ብስክሌተኛ የራስ ቁር እንዲያደርግ ሕጉ ያሳስባል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህም እየነዱ በስልክ መነጋገርና ጠጥቶ መንዳት ከባድ ቅጣት ያስከትላል።

ብስክሌት አመራረጥ

በጋራዥ ያረጀ ሰው ብስክሌት ለመምረጥ አስተማሪ ያስፈልገዋል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ለልጄ የምትመላለስበትን ለመግዛት፣ ለእኔም የአንድ ሳምንት ኪራይ ለመውሰድ ወደ አንድ መደብር ስንገባ፣ ዓይኔ ያረፈው ጎማው በቀጠነ፣ መሪው ወደ ታች በተጠማዘዘ የእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ ነበር። በወጣትነቴ የተመኘሁት፣ ደመወዜም ያልፈቀደልኝ ዓይነት ነው። ባለ መደብሩ ዕድሜው ከእኔ የማያንስ ሽማግሌ ነበር፤ እጅ ነሥቶ ለልጄ አንድ ነገር ነገራት።

«አባባ፣ አስቀድመው ወዴት እንደሚሄዱ ይንገሩኝ፤ ብስክሌቱን ከዚያ በኋላ እንመርጣለን ይላሉ» ስትል ተረጐመችልኝ።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር። ቀጭኑ ጎማ ለፈጣን ጉዞ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የመንገድ ጠርዝና የብረት ክዳን በበዛበት ከተማ ለጉልበተኛ ወጣት እንጂ ለእኔ ቢጤ አይመችም። ስለሆነም ጎማው መካከለኛ፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ ለዳገትም በኤሌክትሪክ የሚያግዝ ብስክሌት ተሰጠኝ። ይህን ዓይነቱን ብስክሌት ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ አውጥቶታል። ሞተሩ የሚያግዘው ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ሲደርስም እንዲያቆም በሕግ ተወስኗል።

ሽማግሌው ቀጥሎ ኮርቻውን አስተካከለልኝ። ተቀምጬ ተረከዜን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሳሳርፍ እግሬ ቀጥ እንዲል፣ በምቆምበትም ጊዜ የእግሬ ጣቶች መሬት እንዲነኩ አደረገ። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ይታመማል፤ ከልክ በላይ ከፍ ካለም ብስክሌቱን ማስቆም ያስቸግራል። ከዚያም የፊቱንና የኋላውን ፍሬን አንድ በአንድ አስያዘኝ፤ የጎማውን ነፋስ በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ልክ ጋር አመሳከረ፤ መብራቱንና ደወሉን ሞከረ፤ ቁልፉንም አስረከበኝ። የልጄ ብስክሌት ደግሞ ስርቆትን ለመከላከል በስሟ ተመዘገበ፤ ይህ በዚያ አገር ብስክሌት የሚገዛ ሁሉ ግዴታ ነው።

ማርሹን ሳገላብጥ «ሺማኖ» የሚል ስም አየሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመው በኦሳካ አጠገብ በምትገኘው በሳካይ ከተማ ነው። ሳካይ በጥንት ዘመን የጠመንጃ አንጥረኞች ከተማ ነበረች። የጦር መሣሪያው ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ብረት መቀጥቀጥና ቧንቧ መሥራት የለመደው የአንጥረኞቹ እጅ ከውጭ የመጡ ብስክሌቶችን ወደ መጠገን፣ ኋላም ዕቃቸውን ወደ መሥራት ተዛወረ። ዕድሜውን በመሣሪያና በተሽከርካሪ መካከል ለጨረሰ ወታደር ይህ ታሪክ የሚያስደስት ነው።

የራስ ቁሩ ሲመጣ ግን እምቢ አልሁ።

«በጦር ሜዳ የብረት ቁር ደፍቼ ኖሬአለሁ፤ ለብስክሌት ደግሞ ምን ያደርግልኛል?» አልኋት።

«አባባ፣ በጦር ሜዳስ ለምን ነበር የደፉት?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ሽማግሌውም ከቅንድቤ በላይ የራሴን ዙሪያ በሜትር ለክቶ፣ ግንባሬን የሚሸፍን፣ ማሰሪያው በአገጬ ሥር ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ የራስ ቁር መረጠልኝ።

ጉዞው

እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከብሔራዊው ስታዲየም ደጃፍ ተነሣን። አበበ የገባበት አሮጌው ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ2015 ፈርሶ፣ በቦታው በ2019 አዲስ ተሠርቷል። ከዚያ በሺንጁኩ አልፈን ወደ ምዕራብ የሚወስደውን የኮሹ ካይዶን ጐዳና ያዝን። ይህ መንገድ ከተማይቱ ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን ከዋና ከተማዋ ከሚወጡት አምስት ታላላቅ መንገዶች አንዱ ነበር። ዛሬ ከላዩ በኮንክሪት ዓምዶች የተደገፈ የፈጣን መኪናዎች መንገድ ረጅም ርቀት ይከተለዋል፤ ከሥሩ የሚጓዘውም ሰው ሰማይን የሚያየው በየጎኑ ነው። በአስፋልቱ ግራ ዳር የተቀባው ሰማያዊ ቀስት የብስክሌተኛውን ስፍራ ያመለክታል።

የብስክሌቴን ፍጥነት አመልካች አየሁ፤ 15 ኪሎ ሜትር ይላል። አበበ በእግሩ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ሞተር የሚያግዘኝ ሰው ሆኜ ከሯጩ ጥላ እንኳ ኋላ መቅረቴን ለልጄ ስነግራት ሳቀች።

ካራሱያማን አልፈን ወደ ሴንጋዋ ስንቃረብ፣ ከመንገዱ ዳር ከቆመች መኪና ውስጥ በድንገት በር ተከፈተ። በጃፓን የመኪና መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ በግራ ዳር የቆመ ነጂ በሩን የሚከፍተው ወደ ብስክሌተኛው ነው። ይህን ሳላስብ ከመኪናዎቹ ጎን ተጠግቼ እጓዝ ነበር። ሁለቱን ፍሬን ያዝሁ፤ ብስክሌቱ ተንሸራተተ፤ በጎኔ ወደቅሁ፤ ራሴም ከአስፋልቱ ጋር ተጋጨ።

«አባባ!» የሚለው የልጄ ጩኸት ነው ያነቃኝ። ከኋላ የሚመጣ መኪና ባለመኖሩ እግዚአብሔር ይመስገን። ክርኔ ተላጠ፤ ከዚያ በቀር የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። የራስ ቁሩን ሳወልቀው ግን ከጆሮዬ በላይ ባለው በኩል ውስጡ ድረስ ተሰንጥቆ ነበር። ልጄ ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችው፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔም መናገር አልቻልሁም።

ነጂው ደጋግሞ እጅ እየነሣ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያ አገር አደጋ ትንሽም ቢሆን ለፖሊስ መነገር ስላለበት ፖሊስ መጥቶ መዘገበን። አንድ ጊዜ የተመታ የራስ ቁር ደግሞ ሁለተኛ አያገለግልም፤ አረፋው ኃይሉን ጨርሷል። ስለዚህ ብስክሌቶቻችንን እየገፋን በእግረኛው መንገድ የቀረውን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን።

መታጠፊያው

ቶቢታኪዩ በተባለው ስፍራ፣ ከመንገዱ ዳር የማራቶኑ መታጠፊያ ምልክት ቆሟል። መኪናው በአጠገቡ ያልፋል፤ ቆሞ የሚያየው ብዙ አይደለም። ስንደርስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር። አበበ ሄዶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ የተመለሰበትን መንገድ እኛ መሄጃውን ብቻ በአምስት ሰዓት ፈጀነው።

ከምልክቱ አጠገብ ተቀምጠን ዳቦ ስንበላ ለልጄ የቀረውን ታሪክ ነገርኋት። ያን መንገድ ያሸነፉት እግሮች ከአራት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. በደረሰ የመኪና አደጋ መራመድ ተሳናቸው። አበበ ተስፋ አልቆረጠም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ነገር ግን ዳግመኛ በእግሩ ሳይቆም ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። ዳገትና ቁልቁለት፣ ሙቀትና ሕመም ያላሸነፉትን ሰው ያስቀረው ሁላችን በየቀኑ የምንመላለስበት መንገድ ነው።

«ዛሬ ቢሆን ኖሮስ?» አለችኝ። ስለ እርሱ ትጠይቀኝ ወይም ስለ እኔ፣ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወደ ቾፉ ከተማ ተመልሰን ሌላ የራስ ቁር ገዛን። በመኪናው መንገድ መመለሱን ትተን፣ በስተ ደቡብ ወደሚገኘው የታማ ወንዝ ወረድን። በወንዙ ዳርቻ ባለው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ፣ ሕፃናት ኳስ ሲጫወቱ፣ ሽማግሌዎች ዓሣ ሲያጠምዱ እያየን፣ ለእግረኛው ቅድሚያ እየሰጠን ቀስ ብለን ተጓዝን። የልጄም ቤት በዚያው ወንዝ አጠገብ ስለነበር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን።

ለቤተሰብ

በየሰፈሩ ለልጁ ብስክሌት የሚገዛ ወላጅ፣ ራሱም ወደ ሥራው በብስክሌት የሚመላለስ ባልደረባ የሚከተለውን ቢያስብበት መልካም ነው።

1. ብስክሌት ለቁመት ይመረጣል። «ያድግበታል» ተብሎ ለሕፃን ትልቅ ብስክሌት መግዛት አደጋን መግዛት ነው።

2. ከመነሣት በፊት ሁለቱ ፍሬኖች፣ የጎማው ነፋስ፣ ካቴናውና የመሪው ጥብቀት ይፈተሹ። ወታደር መሣሪያውን ሳይፈትሽ ዘብ አይቆምም።

3. ከቆመ መኪና ቢያንስ የአንድ በር ስፋት ያህል ራቁ። መኪና ያላችሁም በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ኋላ ተመልከቱ።

4. በምሽት ፊት ለፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑር፤ ልብሱም የደመቀ ይሁን።

5. ለመንገድ መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ትንሽ ፖምፓና መፍቻ ያዙ፤ ለዝናብም ጃንጥላ ሳይሆን የዝናብ ልብስ።

6. ከሁሉ በላይ ደግሞ የራስ ቁር። ልክ የሆነ፣ የታሰረና ያልተመታ ይሁን።

የተሰነጠቀውን የራስ ቁር ልጄ እንድጥለው ብትለምነኝም ይዤው መጣሁ። በቤቴ ግድግዳ ላይ ከአገልግሎት ባርኔጣዬ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። የልጅ ልጆቼ በብስክሌት ሊወጡ ሲሉ በመጀመሪያ እርሱን አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያም የየራሳቸውን ማሰሪያ በሁለት ጣቴ ለክቼ እሸኛቸዋለሁ።