ከጥሬ ፖም የተማረው ሐኪም

ሐኪም ራሱ ሲታመም ብዙ ይማራል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1867 በስዊስ አገር የተወለደው ማክሲሚልያን ቢርኸር ቤነር በዙሪክ ከተማ ሥራውን በጀመረበት ዘመን የወፍ በሽታ ያዘው፤ የምግብ ፍላጎቱም ተዘጋ። ጥሬ ፖም ሲቀምስ ግን ተስማማውና ይበረታ ጀመር ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ ከመድኃኒት ወደ ማዕድ ዞረ። ጊዜው ጉልበት የሚሰጠው ሥጋ ነው፤ ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል እምብዛም ፋይዳ የላቸውም የሚባልበት ነበር። በ1900 እምነቱን ለዙሪክ ሐኪሞች ማኅበር ቢገልጽ፥ ከሳይንስ ድንበር እንደ ወጣ ተነገረው። እሱ ግን አልተመለሰም፤ በ1904 ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ትልቅ የሕሙማን ማረፊያ ከፈተ። ሕሙማኑ በማለዳ ይነሣሉ፤ በእግር ይንሸራሸራሉ፤ አትክልት ይኮተኩታሉ፤ በጊዜም ይተኛሉ። ውሃ ውስጥ ያደረ አጃ፥ ከነልጣጩ የተፋቀ ፖም፥ ሎሚ፥ ወተትና ለውዝ ተደባልቆ ይቀርብላቸዋል። ዛሬ «ሙስሊ» የሚባለው ቁርስ ከዚህ የመጣ ነው።

ጥሬ ምግብ የፀሐይን ኃይል ያከማቻል ብሎ ያስተማረውን ሳይንስ አልተቀበለውም። ነገር ግን በ1912 «ቪታሚን» የሚለው ስም ወጥቶ ምርምሩ ሲስፋፋ፥ የተናቁት ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል ክብራቸውን አገኙ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ከእነዚህ በቀን ቢያንስ 400 ግራም መብላትን ይመክራል።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የሚወሰደውን ከማይወሰደው መለየት ይገባል። ማዕዱን መከተል መልካም ነው፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ግን ፖም ገዝቶ ቤቱ ከሚቀመጥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የጉበት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና።