የዋሽንግተን ኑዛዜ፦ መሬቱ ለዘመድ፣ ነፃነቱ ለከፊሎቹ

ዲሴምበር 14 ቀን 1799 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ ዋሽንግተን ጉሮሮው ተዘግቶ መተንፈስ ባቃተው ሰዓት፣ ባለቤቱን ማርታን ሁለት ኑዛዜዎች እንድታመጣለት ላካት። አገላብጦ አየና አንደኛው በሌላው የተሻረ ስለሆነ ይቃጠል አለ። ማርታ እሳት ውስጥ ጨመረችው፤ የቀረውን በጓዳዋ አስቀመጠች። በዚያው ሌሊት ዋሽንግተን በ67 ዓመቱ አረፈ።

ከእሳቱ የተረፈው ኑዛዜ በዚያው ዓመት ጁላይ ውስጥ በገዛ እጁ የጻፈው ነው። ሰውየው የጦር አዛዥም የአሜሪካ ፕሬዚዳንትም ሆኖ ያገለገለ ቢሆንም ኑሮው እርሻ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የነበረው ርስቱ ማውንት ቨርነን አምስት እርሻዎች የያዘና 8,000 ኤከር ገደማ የሚሰፋ ነበር። ከአብራኩ የወጣ ልጅ ግን አልነበረውም፤ ስለዚህ ሀብቱ ለወንድምና ለእህት ልጆች፣ እንዲሁም ማርታ ከሟች ባሏ ከወለደችው ልጅ ላገኘቻቸው የልጅ ልጆች የሚከፋፈል ሆነ።

ክፍፍሉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ማርታ በሕይወት እስካለች ድረስ በአብዛኛው ንብረት ትጠቀማለች። እሷ ስታልፍ ዋናው መኖሪያ ቤትና በዙሪያው ያለው መሬት ለወንድሙ ልጅ ለቡሽሮድ ዋሽንግተን ይሆናል፤ ቡሽሮድ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። ሌላው የማውንት ቨርነን መሬት ለሌላ የወንድሙ ልጅ ልጆችና፣ የማርታን የልጅ ልጅ ኔሊን ላገባው ለእህቱ ልጅ ለሎረንስ ሉዊስ ተደለደለ። የኔሊ ወንድም ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስም ሌላ ቦታ መሬት ደረሰው። የቀረው ሀብት ተሸጦ በ23 እኩል ድርሻ ለዘመዶች ይከፈል ተባለ። አምስት የወንድምና የእህት ልጆች አንዳንድ ሰይፍ ሲደርሳቸው፣ ራሳቸውን፣ አገራቸውን ወይም መብቷን ለመከላከል ካልሆነ በቀር ከሰገባው እንዳይመዙት አደራ ተጨመረበት።

ግን በእርሻው ላይ የሚቆጠር ሌላም «ንብረት» ነበር። ሰው።

ዋሽንግተንን ባሪያ ያወረሰው አባቱ ነው፤ በ1743 አባቱ ሲሞት የ11 ዓመቱ ልጅ አሥር ሰዎች ደረሱት። በ1799 ማውንት ቨርነን ላይ በባርነት ሲሠሩ የነበሩት 317 ደርሰው ነበር። ከእነዚህ የእሱ የነበሩት 123 ብቻ ናቸው። 40 ገደማ የሚሆኑት ከጎረቤት በኪራይ የመጡ ሲሆኑ፣ 153ቱ ደግሞ የከስቲስ ቤተሰብ ንብረት ነበሩ።

ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። የማርታ የመጀመሪያ ባል ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ በ1757 ሳይናዘዝ ሞተ። በቨርጂኒያ ሕግ መበለቲቱ ከሀብቱ ሲሶውን ዕድሜዋን ሙሉ ትጠቀምበታለች፤ ስትሞት ግን ወደ ከስቲስ ወራሾች ይመለሳል። ከሲሶዋ የደረሷትን ባሪያዎች ማርታም ሆነች ኋላ ያገባችው ዋሽንግተን መሸጥም ነፃ ማውጣትም አይችሉም። ሕጉ ልጅን በእናቱ ይቆጥር ስለነበር፣ የከስቲስ ሴቶች የወለዷቸው ሁሉ የከስቲስ ሆኑ፤ አባታቸው የዋሽንግተን ቢሆንም እንኳ። በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ተጋብተው ተዋልደዋል።

ዋሽንግተን በኑዛዜው የእሱ የሆኑት ሁሉ ማርታ ስትሞት ነፃ ይውጡ አለ። በእሷ ዘመን ነፃ ቢወጡ ከከስቲስ ሰዎች ጋር የተጋቡት ይለያያሉ፣ ሐዘኑም ከባድ ይሆናል ሲል ምክንያቱን ጻፈ። ሽማግሌዎችና ድውያን እንዲጦሩ፣ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ማንበብና መጻፍ ተምረው ሙያ እንዲይዙ፣ ማንም ከቨርጂኒያ ውጭ እንዳይሸጥ አዘዘ። ወዲያው ነፃ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ዘመን ሁሉ ከጎኑ ያልተለየው አገልጋዩ ዊልያም ሊ። በየዓመቱ 30 ዶላር ጡረታም ተቆረጠለት።

ማርታ ግን እስክትሞት አልጠበቀችም። ነፃነታቸው በእሷ ሞት ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች ዙሪያዋን ከበው መኖራቸው አስፈራት። ስጋቷን የጎበኘቻት የወቅቱ ፕሬዚዳንት ባለቤት አቢጌል አዳምስ በደብዳቤዋ ጽፋዋለች። ጃኑዋሪ 1 ቀን 1801 የዋሽንግተን ሰዎች ነፃ ወጡ።

የከስቲሶቹ ቀሩ። በሜይ 1802 ማርታ ስትሞት ለአራቱ የልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ፤ ባል ነፃ ወጥቶ ሚስትና ልጆች ወደ ሌላ ጌታ ተነዱ። ማርታ በራሷ ስም የያዘችው ኤሊሻ የተባለ አንድ ሰው ነበራት፤ ልትፈታው ስትችል ለልጅ ልጇ አወረሰችው።

የወጥ ቤት አዛዡ የሄርኩለስ ቤተሰብ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ሄርኩለስ የዋሽንግተን፣ ሟች ሚስቱ የከስቲስ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1797፣ በጌታው የልደት ቀን፣ ጠፍቶ አመለጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማውንት ቨርነንን የጎበኘው የኋላው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ እንደመዘገበው፣ የሄርኩለስ ትንሽ ልጅ አባትሽን ዳግም አለማየትሽ አያሳዝንሽም ወይ ተብላ ብትጠየቅ፣ አሁን ነፃ ስለሆነ ደስ ብሎኛል አለች። ኑዛዜው ሄርኩለስን በሕግም ነፃ አወጣው። ልጆቹ ግን የከስቲስ ውርስ ሆነው ቀሩ።

ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ በደረሱት ሰዎች ጉልበት አርሊንግተን ላይ ቤት አሠራ። እሱም በ1857 ሲሞት ባሪያዎቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ነፃ ይውጡ ብሎ ተናዘዘ፤ አማቹና የኑዛዜው አስፈጻሚ ሮበርት ሊ የነፃነቱን ወረቀት የፈረመው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ፣ በዲሴምበር 1862 ነው።

ዋሽንግተን የፈጸመው ከብዙ የዘመኑ ባለርስቶች ይበልጣል፤ እንደ እሱ የቨርጂኒያ ሰው የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን በዕዳ ተይዞ ሲሞት 130 ያህል ሰዎች በጨረታ ተሸጠዋል። ያም ሆኖ ዋሽንግተን ነፃነትን ከራሱ ሞት በኋላ እንዲመጣ ማድረጉ በሕይወቱ ሳለ ምንም እንዳይጎድልበት አድርጎታል፤ ዕዳውን የከፈሉት የተለያዩት ቤተሰቦች ናቸው። በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ሁለት ቤቶች በመኪና ቅርብ ናቸው። የሚሄድ ሰው ልጆቹን ይዞ ባሪያዎቹ የተቀበሩበትን ሥፍራም ይጎብኝ፤ ዋሽንግተን በ1799 በስም የዘረዘራቸውን ሰዎች መዝገብም ጠይቆ ያንብብ።