ክብደት ለመቀነስ ሲታሰብ የካርቦሃይድሬት መጠን እንዴት ይወሰናል?

ካርቦሃይድሬት ከፕሮቲንና ከቅባት ጋር ለሰውነት ኃይል ከሚሰጡ ሦስት ዋና ዋና ንጥረ ምግቦች አንዱ ነው። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች የዕለት ምግብ መሠረት የሆኑት ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ድንች በአብዛኛው የካርቦሃይድሬት ምንጮች ናቸው። በመሆኑም ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው «እንጀራ ተው» ሲባል የሚተወው አንድ ምግብ ሳይሆን የማዕዱን አብዛኛውን ክፍል ነው። እንዲህ ያለው ምክር ለጥቂት ቀናት ቢተገበርም አይዘልቅም፤ ለአንዳንድ ሕሙማን ደግሞ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

በቅድሚያ፦ ክብደት መቀነስ ያስፈልጋል ወይ?

የካርቦሃይድሬት መጠን ከመወሰኑ በፊት ክብደትና ቁመት ተለክቶ ሊታወቅ ይገባል። ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ፣ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ በተገኘው ውጤት ሲካፈል የሰውነት ክብደት ምጣኔ ይገኛል። ለአዋቂዎች ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ፣ 25 እና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይመደባል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.60 ሜትር፣ ክብደቱ 72 ኪሎ የሆነ ሰው ምጣኔው 28 ገደማ ነው።

ሲያርስ፣ ሲያጭድና ዳገት ሲወጣ የሚውል ገበሬ የሚያወጣው ኃይል ቀኑን በወንበር ላይ ከሚያሳልፍ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ኃይል በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ለአንዱ የሚበዛው ምግብ ለሌላው ላይበቃ ይችላል። ምጣኔው ከ18.5 በታች የሆነ ሰው ምግቡን ማሻሻል እንጂ መቀነስ የለበትም።

ክብደትን የሚወስነው ጠቅላላ ድምሩ ነው

አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም አልኮል ደግሞ 7 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ክብደት የሚቀንሰው ከምግብና ከመጠጥ የሚገኘው ጠቅላላ ኃይል ሰውነት ከሚያወጣው ሲያንስ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 አዋቂዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ካርቦሃይድሬት በቀነሱትና ቅባት በቀነሱት መካከል በክብደት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ለውጥ የሚያመጣው ሰው ሳይሰለች ሊቀጥልበት የሚችለው አመጋገብ ነው።

እንጀራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አንድና ሁለት ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ይሁን እንጂ የዚህ አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው፤ ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያከማቸው ስኳር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ፣ ክምችቱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ወደ ቀድሞው አመጋገብ ሲመለሱ ያው ክብደት ቶሎ የሚመለሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

መጠኑ እንዴት ይሰላል?

ለአዋቂ ሰው ከዕለቱ ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ከ45 እስከ 65 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት ቢገኝ ተስማሚ ነው። ክብደት ለመቀነስ የዚህን ዝቅተኛ ወሰን፣ ማለትም ከ45 እስከ 50 በመቶ ያለውን መምረጥ ይቻላል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ሲመገብ የቆየ ሰው በባለሙያ ምክር ወደ 1,500 ቢቀንስ፣ የካርቦሃይድሬት ድርሻው በቀን ከ170 እስከ 190 ግራም ገደማ ይሆናል። ከ130 ግራም በታች መውረድ ያለ ባለሙያ ክትትል አይመከርም።

ይህን ወደ ማዕድ ለመቀየር የሚከተሉት ግምቶች ይረዳሉ፦

• 100 ግራም የጤፍ እንጀራ፦ ከ30 እስከ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት
• 100 ግራም ዳቦ፦ 50 ግራም ገደማ
• 100 ግራም የተቀቀለ ድንች፦ 20 ግራም ገደማ
• አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፦ 4 ግራም ገደማ

የእንጀራ ክብደት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት ይለያያል። አንድ ሙሉ እንጀራ 300 ግራም ቢመዝን 100 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል። እንግዲህ ምሳ ላይ ግማሽ፣ እራት ላይ ግማሽ እንጀራ፣ ቁርስ ላይ 80 ግራም ዳቦ የተመገበ ሰው 140 ግራም ገደማ አግኝቷል። ቀሪው ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከአትክልትና ከጥቂት ቆሎ ይሟላል።

በአንጻሩ በቀን አራት ስኒ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ የሚጠጣ ሰው ከስኳር ብቻ 48 ግራም ይወስዳል። ይህም ከግማሽ እንጀራ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ፕሮቲንም ሆነ አሰር የለውም። ወጥ ላይ የሚጨመር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ስለዚህ እንጀራን ከመቀነስ አስቀድሞ የሻይ ስኳርን፣ ለስላሳ መጠጥን፣ የወጥ ዘይትን፣ ጠላንና አረቄን መመልከት ይገባል።

የካርቦሃይድሬቱ ዓይነት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ካርቦሃይድሬት በዋናነት ከሙሉ እህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ እንዲገኝ፤ አዋቂ ሰውም በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ፣ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። ከነገለባው የሚፈጨው ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር በአሰር የበለጸጉ በመሆናቸው ጥጋብን ያቆያሉ። ፉርኖ ዱቄት፣ ብስኩትና ጣፋጭ ግን ቶሎ ይፈጫሉ፤ ረሃብም ቶሎ ይመለሳል። በሀገራችን በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የምግብ አመጋገብ መመሪያም ማዕዱ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች እንዲሟላ ያሳስባል።

በማዕድ ዙሪያ

በጋራ ገበታ ላይ የበሉትን መጠን ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነው። «በሞቴ» እየተባለ የሚጨመረው ጉርሻም ሳይቆጠር ያልፋል። የራስን ድርሻ እንጀራ አስቀድሞ ለይቶ፣ ጎመኑንና ጥራጥሬውን አብዝቶ አብሮ መመገብ ይቻላል። በጾም ወቅት ሥጋና ወተት ሲቀር እንጀራው እንዳይበዛ በምትኩ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይጨመር። በረመዷን ማፍጠሪያም ከሳምቡሳና ከጣፋጭ መጠጥ ይልቅ ተምር በመጠኑ፣ ሾርባና አትክልት ይመረጣል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ካርቦሃይድሬት በድንገት ቢቀንስ የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብርቱ ረሃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ሕመምተኛው ራሱን ካልሳተ ወዲያውኑ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ወይም ማር ሊሰጠው ይገባል፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጥ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናትና ታዳጊዎች፣ የኩላሊት ሕሙማን እንዲሁም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ያለ ሐኪም ምክር ምግብ መቀነስ የለባቸውም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ክብደት፣ ቁመት፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሊለካ ይችላል። ተገልጋዮች የሚወስዱትን መድኃኒትና፣ አባል ከሆኑ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መታወቂያቸውን ይዘው ቢቀርቡ ይመረጣል። የሦስት ቀን ምግብና መጠጥ፣ የሻይ ስኳሩ ሳይቀር፣ ተጽፎ ቢቀርብ ባለሙያው ትክክለኛ ምክር ለመስጠት ይረዳዋል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው ባለ 72 ኪሎ ሰው 4 ኪሎ ያህል ቢቀንስ እንኳ ለደም ግፊቱና ለደም ስኳሩ ጠቀሜታ ይኖረዋል።